ትራሙ የወለዳቸው የእንጨት ቤቶች

ከቦስተን ደቡባዊ ጫፍ፣ አሽሞንት ከሚባለው ጣቢያ፣ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ አሮጌ ትራም ይነሳል። ትራሞቹ በ1940ዎቹ አጋማሽ ዉስተር በምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ በነበረው የፑልማን ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም ተሳፋሪ ጭነው ይመላለሳሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መስመሩ አጭር ነው፤ ስምንት ጣቢያ፣ አራት ኪሎ ሜትር ያህል። ትራሙ ሰፊ የመቃብር ሥፍራ ሰንጥቆ ያልፋል፣ የኔፖንሴትን ወንዝ ይሻገራል፣ ቀድሞ የቸኮሌት ፋብሪካ በነበሩ የጡብ ሕንፃዎች ሥር ይጠማዘዝና ማታፓን ላይ ያበቃል።

ከስምንቱ ጣቢያዎች አራቱ ያሉት ሚልተን በምትባለው፣ የራሷ አስተዳደር ባላት ከተማ ክልል ውስጥ ነው። በሁለቱም በኩል ወርዶ በእግሩ ትንሽ ወደ ሰፈር የገባ ሰው ልዩነቱን ያለ ካርታ ያየዋል። በቦስተን በኩል፣ ዶርቼስተር ውስጥ፣ ጠባብና ረጃጅም የእንጨት ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በየፊታቸው ሦስት በረንዳዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረዋል። በሚልተን በኩል ደግሞ ሣር የለበሰ ሰፊ ግቢ ይበዛል፤ በመሐሉ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የተሠራ ቤት ተቀምጧል። ሀዲዱ ያው ነው፣ ወንዙም ሰፊ አይደለም። ይህን ያህል የተለያየ ሰፈር የፈጠሩት ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቹ ሕጎችና ደንቦች ናቸው።

ባለ ሦስት በረንዳውን ቤት የቦስተን ሰው «ትሪፕል ዴከር» ይለዋል። ሦስት ቤተሰብ በሦስት ደርብ ይኖርበታል። ብዙዎቹ የተሠሩት ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ባለው ጊዜ ነው፤ በቦስተን ብቻ ቁጥራቸው ከ15,000 በላይ ነበር። በካምብሪጅ፣ በሶመርቪል፣ በዉስተርና በሌሎች የኒው ኢንግላንድ የፋብሪካ ከተሞችም ሞልተዋል። አሜሪካ ውስጥ ድሃ ስደተኛ የቤት ባለቤት እንዲሆን ከረዱት ነገሮች ሁሉ ከዚህ ቤት የበለጠ የሠራ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። በኋላ የታገደውም በዚያው በሚያስገባቸው ሰዎች ምክንያት ነው፤ ለእገዳው የተጠቀሰው የእሳት አደጋ እውነት ቢሆንም።

ከመሠረት እስከ ጣራ

ቦታው ከመንገዱ በኩል አሥር ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ወደ ኋላ ሠላሳ ሜትር ያህል ይገባል። መሠረቱ ድንጋይ ነው። ምድር ቤቱ ዝቅ ያለ፣ እርጥበት የሚሸት ነው፤ ቀድሞ ሦስቱ ቤተሰቦች የየራሳቸውን የድንጋይ ከሰል የሚያከማቹት እዚያ ነበር፤ አሁን በብዙዎቹ ሦስት ቦይለርና ሦስት የመብራት ቆጣሪ ተደርድሮ ይታያል።

ከመሠረቱ በላይ ያለው ሁሉ እንጨት ነው። ቀደም ባለው ዘመን የእንጨት ቤት ለማቆም ወፍራም ግንድ የሚጠርብ፣ መጋጠሚያውን በመሮ የሚፈለፍል የተካነ አናጢ ያስፈልግ ነበር። በ1830ዎቹ ከቺካጎ አካባቢ የተስፋፋው አሠራር ግን የሚጠይቀው በማሽን የተሰነጠቀ ቀጭን ቋሚና ፋብሪካ ያመረተው ምስማር ነው። ቋሚዎቹ ተቀራርበው ይተከላሉ፣ በጣውላ ይለበጣሉ፤ ቤቱ ቀላል፣ ርካሽና ቶሎ የሚያልቅ ይሆናል። ዋጋው የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ይመጣል። በዚህ አሠራር ቋሚው ሳይቋረጥ ከታች እስከ ላይ ስለሚወጣ በግድግዳው ውስጥ በየቋሚው መሐል ባዶ ክፍተት ይቀራል። ምድር ቤት የተነሳ እሳት በዚያ ክፍተት ሽቅብ ተስቦ፣ በመሐል ደርብ ያለው ሰው ሳያየው ጣራ ሊደርስ ይችላል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይህን ቤት የሚፈሩት አለምክንያት አይደለም።

ወደ ውስጥ ስንገባ የሦስቱም ደርብ አከፋፈል አንድ ዓይነት ነው። ከፊት ሳሎን አለ፤ መስኮቱ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ብርሃን ከሦስት አቅጣጫ ይሰበስባል። ቀጥሎ የመመገቢያ ክፍል፣ ከዚያ በስተኋላ ሰፊ ወጥ ቤት ከእቃ ማስቀመጫዋ ትንሽ ክፍል ጋር። መኝታ ቤቶቹ በጎን በኩል ይሰለፋሉ። ደረጃው ሁለት ነው፤ የፊተኛው ለእንግዳ፣ የኋለኛው ለልጆች፣ ለቆሻሻና ለከሰል። የኋላ በረንዳው የሥራ ቦታ ነው፤ በመዘውር ላይ የሚሳብ የልብስ ማስጫ ገመድ ከዚያ ተነስቶ ከግቢው ወዲያ ማዶ ካለ ምሰሶ ጋር ይታሰራል።

የቤቱ ትልቁ ጸጋ አየርና ብርሃን ነው። በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ሠራተኛው ሕዝብ የሚታጨቅባቸው የጡብ ሕንፃዎች እርስ በርስ የተጣበቁ ስለነበሩ በመሐል ያሉት ክፍሎች ጨለማ ነበሩ፤ ሳንባ ነቀርሳ የሚራባባቸው ጉድጓዶች። ትሪፕል ዴከር ከጎረቤቱ በጠባብ መተላለፊያ ተለይቶ ብቻውን ስለሚቆም በአራቱም ጎኑ መስኮት አለው። የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የትራም ነጂ፣ የወደብ ጫኝ ለልጆቹ ፀሐይ የሚገባበት መኝታ ቤት ያገኘው እዚህ ነው።

አምስት ሳንቲም

ከ1850ዎቹ በፊት ቦስተን በእግር የሚዳረስ ከተማ ነበር። ሰው የሚኖረው እንጀራው ካለበት ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ሰፈር። በ1856 በፈረስ የሚጎተት ትራም ከካምብሪጅ ወደ ቦስተን መመላለስ ጀመረ፤ በኒው ኢንግላንድ የመጀመሪያው ነበር። ከተማው ቀስ በቀስ መለጠጥ ጀመረ። ሮክስበሪ በ1868፣ ዶርቼስተር በ1870፣ ዌስት ሮክስበሪ በ1874 ወደ ቦስተን ተጠቃለሉ። ሀብታሞቹ የብሩክላይን ነዋሪዎች ግን በ1873 ድምፅ ሰጥተው አንቀላቀልም አሉ። ብሩክላይን ዛሬም በሦስት አቅጣጫ በቦስተን ተከብባ ለብቻዋ አለች፤ ስሟ በኋላም ይመለሳል።

ፈረስ ግን አቅም አለው። ሄንሪ ዊትኒ የተባለው ባለሀብት በ1887 የቦስተንን የትራም ኩባንያዎች በአንድ ላይ ሲያጠቃልል ስምንት ሺህ ያህል ፈረስ ተረከበ፤ ገብስና ጋጣ፣ ሐኪምና ጫማ፣ የበረዶ ቁልቁለት፣ የመንገድ ፍግ። መላ ፍለጋ በ1888 ወደ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ሄደ። እዚያ ፍራንክ ስፕራግ የተባለ መሐንዲስ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም ዘርግቶ ነበር። የዊትኒ ሰዎች አንድ ስጋት አነሱ፤ ብዙ ትራም በአንድ ቦታ ተጠጋግቶ ቢቆምና ባንድ ጊዜ ልነሳ ቢል ኃይሉ አይከብደውም ወይ? ስፕራግ በሌሊት 22 ትራሞች በአንድ መስመር ላይ ደረደረ። ምልክቱ ሲሰጥ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ተነሳ። መብራታቸው ፈዘዘ፣ ግን ሁሉም ሄዱ። ዊትኒ በቃኝ ብሎ ተመለሰ፤ በ1889 መጀመሪያ የቦስተን የኤሌክትሪክ ትራም ሥራ ጀመረ። በ1897 ደግሞ የአሜሪካ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር በዚያው ከተማ ተከፈተ።

ቤቶቹን የወለደው ይህ ነው። የትራሙ ዋጋ ለሁሉም አምስት ሳንቲም ሆነ፤ ቅርብም ወረድክ ሩቅ። የቀን ሠራተኛ በጠዋት ተሳፍሮ መሐል ከተማ ይደርሳል፣ ማታ ዛፍ ወዳለበት ሰፈር ይመለሳል። በሮክስበሪ፣ በዌስት ሮክስበሪና በዶርቼስተር በ1870 የነበረው 60,000 ያህል ሕዝብ በ1900 ወደ 227,000 አሻቀበ።

ለዚህ ሁሉ ሰው ቤት የሠራው ማነው? የታሪክ ተመራማሪው ሳም ባስ ዋርነር በ1962 ባሳተመው ጥናት ወደ 23,000 የሚጠጉ የግንባታ ፈቃዶችን መርምሮ ያገኘው መልስ የሚያስደንቅ ነው። የመንግሥት ፕሮጀክት አልነበረም፣ ትልቅ ኩባንያም አልነበረም። ወደ 9,000 የሚሆኑ ግለሰቦች ናቸው፤ አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ፣ ሁለት ወይም ጥቂት ቤት ብቻ የሠሩ። ብዙ አናጢዎች ከካናዳ የባሕር ዳርቻ አውራጃዎች፣ ከኖቫ ስኮሺያና ከአካባቢዋ የመጡ ነበሩ። ንድፉን በዓይናቸው ያውቁታል፤ ከጎረቤት ቤት ተመልክተው ይደግሙታል። አንዱ በረንዳውን በክብ ዓምድ ያስጌጣል፣ ሌላው ጣራውን ያሾላል፣ ገንዘቡ ያጠረው ጠፍጣፋ አድርጎ ይተወዋል። በአንድ መንገድ ላይ ሠላሳ ቤት ቆጥራችሁ ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉ የምታጡት ለዚህ ነው።

ገንዘቡም ከታች የመጣ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ1877 ጀምሮ የተቋቋሙት የኅብረት ባንኮች አሠራር ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ዕቁብን ይመስላል። አባሉ በየወሩ በአክሲዮን አንድ ዶላር ይጥላል፤ የተጠራቀመው ገንዘብ በስብሰባ ለጨረታ ይቀርባል፤ የተሻለ ወለድ የሰጠው አባል ተበድሮ ቤት ይገዛል። የቀረው ስሌት ቤቱ ውስጥ ነው። ባለቤቱ በአንዱ ደርብ ይኖራል፣ ሁለቱን ያከራያል፤ ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል። ሴት አያት ከታች፣ ያገባች ልጅ ከላይ፣ አዲስ የመጣ የወንድም ልጅ በሦስተኛው ደርብ የሚኖሩበት ቤት ብዙ ነበር። አይሪሾቹ፣ አይሁዶቹ፣ ጣሊያኖቹ፣ ዉስተር ውስጥ ስዊድኖቹ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ካናዳውያን፣ ሊቱዌኒያውያኑ ሁሉ በዚህ ደረጃ ወጥተዋል።

ሕጉ

ሚያዝያ 1908 ከቦስተን ወንዝ ማዶ ያለችው ቼልሲ ተቃጠለች። በነፋስ የተገፋ እሳት የከተማዋን ግማሽ ያህል በአንድ ቀን በላ፤ ከ17,000 በላይ ሰው ያለ መጠለያ ቀረ። በሰኔ 1914 ተራው የሴለም ሆነ፤ ከቆዳ ፋብሪካ የተነሳ እሳት የሠራተኞችን የእንጨት ሰፈር ጠራርጎ ከ1,300 በላይ ሕንፃ አወደመ። ይህን ያየ የከተማ ሹም ስለ እንጨት ቤት ቢጨነቅ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

ነገር ግን እንጨት ሁሉ አልታገደም። ማሳቹሴትስ በ1912 ለአነስተኛ ከተሞች፣ በ1913 ለትልልቆቹ ያወጣቸው የኪራይ ቤት ሕጎች አካባቢዎች ወደው እንዲቀበሏቸው የቀረቡ ነበሩ። በተቀበሏቸው ቦታዎች የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ እሳት በሚቋቋም ቁሳቁስ ካልተሠራ ከፍ ማለት አይችልም፤ ያ ማለት ጡብ ነው፣ ጡብ ደግሞ አንድ አናጢና አንድ ሠራተኛ የሚችሉት ዋጋ አልነበረም። በዚያው መንገድ ላይ አንድ ሀብታም ቤተሰብ ከእንጨት የሠራው ትልቅ ቤት ግን ሕጋዊ ሆኖ ቀጠለ። እሳት የባለቤቱን ገቢ ጠይቆ አይነሳም። ጉዳዩ እሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ የቤቶቹን ርቀት ማስፋት፣ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ክፍተት በየደርቡ መድፈን፣ ጣራውን በማይቀጣጠል ነገር መልበስ ይበቃ ነበር። እነዚህ ሁሉ ያኔም የሚታወቁ መላዎች ናቸው።

ሌላውን ምክንያት ለማየት ከዘመቻው ፊት የቆመውን ሰው መመልከት ነው። ፕሬስኮት ሆል የብሩክላይን ነዋሪ ነበር። በ1894 ከሁለት የሃርቫርድ ጓደኞቹ ጋር ስደት ገዳቢ ማኅበር መሥርቷል፤ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣው ሕዝብ የአገሪቱን ዘር ያበላሻል ብሎ የሚያምን ማኅበር ነው። ስደተኛው በማንበብ ፈተና እንዲጣራ ለሃያ ዓመታት ያህል ወትውቶ በ1917 ሕግ ሆኖለታል። ይኸው ሰው ባለ ሦስት ደርቡን ቤት እንደ አደጋ የሚፈርጅ ጽሑፍ ለመኖሪያ ቤት ባለሙያዎች አቅርቧል፤ በከተማውም ቤቱ እንዳይሠራ ተሟግቷል። አገር መግቢያውን በር የሚዘጋውና ሰፈር መግቢያውን በር የሚዘጋው እጅ አንድ ነበር። ሕጉን የደገፉ ሁሉ የሆል ዓይነት ሰዎች ነበሩ አልልም፤ ለድሃው ጤና ከልባቸው የሚቆረቆሩም ነበሩ። ውጤቱ ግን አንድ ሆነ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ትሪፕል ዴከር መሥራት በቦስተን አካባቢ ቆመ፤ በኋላ የመጡት የመሬት አጠቃቀም ደንቦች እገዳውን አጸኑት።

የቤቶቹ ክፉ ዘመን

መሥራት ቢቆምም ቤቶቹ ነበሩ። የሚቀጥለው ጉዳት የመጣው ከባንክ ነው። በ1930ዎቹ በፌዴራል መንግሥት የተዘጋጁ ካርታዎች አሮጌና ድብልቅ ሕዝብ ያለባቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለም ቀቡ፤ እዚያ ማበደር አደገኛ ነው ተባለ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሮክስበሪ ብድር የማይደርስበት ሆነ።

በ1968 የተደረገው ሙከራ ነገሩን አባሰው። ከ20 በላይ የቦስተን የቁጠባ ባንኮች ተባብረው ለጥቁር ቤተሰቦች የቤት ብድር እንሰጣለን አሉ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ብድሩ የሚሰጥበት ክልል ግን በካርታ ላይ ተከለለ፤ በአብዛኛው አይሁዶች የሚኖሩበት የማታፓንና የዶርቼስተር ክፍል ውስጥ ወደቀ። ደላሎች እየዞሩ ሰፈሩ ሊለወጥ ነው፣ ቤታችሁን ቶሎ ሽጡ እያሉ ያስፈራሩ ጀመር። ነዋሪው በርካሽ ሸጦ ወጣ፤ ገዢው በውድ ገዝቶ ገባ። ብድሩን መንግሥት ዋስትና ስለገባለት ባንኩ የሚያጣው የለም፤ የቤቱን ቧንቧ፣ ጣራና ቦይለር በደንብ የመረመረም ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ቦይለር የፈነዳበት፣ ጣራ ያፈሰሰበት አዲስ ባለቤት ለጥገናና ለብድር አንድ ላይ መክፈል አቃተው። ብዙዎች ቤታቸውን ተነጠቁ። ሁለቱም ሕዝቦች ከሰሩ።

ከዚያ እሳቱ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በሰው እጅ። በ1970ዎቹ ቦስተን ውስጥ ባዶ ቤት ማቃጠልና የኢንሹራንስ ገንዘብ መቀበል ንግድ ሆነ፤ በ1977 ከተከሰሱት መካከል ጠበቆች፣ የቤት ባለቤቶች፣ ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ነበሩ። ሮክስበሪ ውስጥ በደድሊ መንገድ አካባቢ ብቻ ወደ 1,300 የሚጠጋ ባዶ ቦታ ቀረ፤ ድሮ እነዚህ ቤቶች የቆሙበት መሬት ማለት ነው። የሌላ ሰፈር ሰዎች የፍርስራሽና የአሮጌ መኪና መጣያ አደረጉት።

የሰፈሩ ሰዎች በ1984 ተደራጁ፤ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ፣ ላቲኖዎችና ነጮች። መጀመሪያ ያደረጉት ቆሻሻ መጣያውን ማስቆም ነበር። በ1988 ለአንድ የሰፈር ማኅበር ተሰጥቶ የማያውቅ ሥልጣን አገኙ፦ ባለቤታቸው የሸሹ ባዶ ቦታዎችን በሕግ አስገድዶ የመውሰድ መብት። መሬቱን በማኅበረሰብ ይዞታ ሥር አድርገው በላዩ ላይ ቤት ሠሩ፤ ቤቱ ሲሸጥ ዋጋው ከአቅም በላይ እንዳይወጣ በውል አሰሩት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔን ልቤን የሚያሞቀው ይህ ክፍል ነው።

ዛሬ ማን ይኖርበታል

ፊልድስ ኮርነር አካባቢ ዛሬ በረንዳዎቹ ላይ የቬትናም ቋንቋ ይሰማል፤ አፐምስ ኮርነር የኬፕ ቨርዴ ሰዎች ሰፈር ነው። በካምብሪጅና በሶመርቪል ደግሞ የእኛ ሰዎችም አሉ። በእንጨት ቤት ውስጥ የኖረ ኢትዮጵያዊ ጠባዩን ያውቀዋል፤ የላይኛው ሲራመድ ታችኛው ይሰማዋል፣ የታችኛው ሽንኩርት ሲያቁላላ ላይኛው ያሸተዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ መቶ ዓመት ያለፈው ሽቦ አይችለውም፤ ብሬከሩን ይጥለዋል፣ ምድር ቤት ወርዶ ማንሳት ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ የአብዛኛው የቦስተን የኪራይ ውል በሚታደስበት ዕለት፣ በጠባቡ ደረጃ አልገባ ያለ ሶፋ በገመድ ታስሮ በበረንዳ ሲጎተት ማየት የተለመደ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብስ ግን አንድ ነገር አለ፤ ቀለሙ። ከ1978 በፊት በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ያለበት ቀለም ይገኛል፤ በመስኮትና በበር ጠርዝ እየተፋቀ አቧራ ሲሆን ሕፃን ይውጠዋል፣ አንጎሉን ይጎዳል። ማሳቹሴትስ ከ1971 ጀምሮ ሕግ አላት፤ ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሚኖርበት እንዲህ ባለ ቤት ባለቤቱ አደጋውን የማስወገድ ግዴታ አለበት። ልጅ አላችሁ ብሎ ማከራየት እምቢ ማለትም ክልክል ነው። ይህን የማያውቁ ወላጆች ዝም ብለው ይኖራሉ፤ የሚያውቅ ይንገራቸው።

የዋጋው ነገር ተገልብጧል። ለድሃ ተብሎ የተሠራው ቤት ዛሬ ዶርቼስተር ውስጥ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል። ከ2007 በኋላ በነበረው የብድር ቀውስ ብዙ ቤተሰብ ሲነጠቅ ባለ ገንዘብ ኩባንያዎች ገቡ፤ ሦስቱን ደርብ ለየብቻ ከፋፍሎ በኮንዶሚኒየም መሸጥም ተስፋፋ። በዚህ ጊዜ የጥንቱ ስሌት ይፈርሳል፦ ኪራይ የሚያመጣ ደርብ የለም፣ ብድሩን የሚያግዝ የለም። በሶመርቪል በ2022 አዲስ የባቡር መስመር ሲከፈት ኪራይ ከሀዲዱ ጋር አብሮ ወጣ፤ ትራም ቤት እንደሚያስወድድ መቶ ሠላሳ ዓመት የቆየ እውነት ነው። ልዩነቱ ያኔ ትራሙ ሲመጣ ቤት መሥራት ይፈቀድ ነበር።

የእገዳው አስገራሚነት የታየው በዚችው በሶመርቪል ነው። 80,000 ያህል ሰው በአሥራ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖርባት፣ በኒው ኢንግላንድ እጅግ የተጨናነቀች ከተማ ናት። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት የከተማዋ የፕላን ባለሙያዎች ቤቶቹን ከመሬት አጠቃቀም ደንቡ ጋር ሲያመሳክሩ ደንቡን ሙሉ በሙሉ የሚያሟሉት የመኖሪያ ሕንፃዎች 22 ብቻ ሆኑ። ሰው የሚወዳት፣ ለመግባት የሚሻማባት ከተማ ብትፈርስ በራሷ ሕግ መልሳ መሥራት አይቻልም ነበር።

በ2023 ሶመርቪል ባለ ሦስት ቤተሰብ ቤት በመላ ከተማዋ ፈቀደች። ካምብሪጅ በየካቲት 2025 ከዚያ አልፋ እስከ አራት ፎቅ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠራ ወሰነች። ግዛቱም በ2021 ባወጣው ሕግ የባቡርና የትራም አገልግሎት ያላቸውና አጎራባች የሆኑ 177 ከተሞች የብዙ ቤተሰብ ቤት የሚሠራበት ክልል እንዲለዩ አዟል። አዲስ የሚሠራው ቤት እሳት የሚያጠፋ የውኃ መርጫ ይገጠምለታል፣ በየደርቡ እሳት እንዳያልፍ ይደፈናል፤ በቼልሲ ዘመን የነበረው ፍርሃት መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

ሚልተንስ? በየካቲት 2024 የሚልተን ነዋሪዎች በሕዝበ ውሳኔ ይህን የግዛቱን ሕግ የሚያሟላውን የከተማቸውን ደንብ ሻሩት። ከተከራከሩባቸው ነጥቦች አንዱ ያ ብርቱካንማ ትራም ነው፤ ትንሽና አሮጌ ስለሆነ እንደ ዋና የባቡር መስመር ሊቆጠርብን አይገባም አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2025 ሕጉ ይጸናል፣ ዋና ዐቃቤ ሕጓም ማስፈጸም ትችላለች ሲል ወሰነ፤ መመሪያው ግን በሥርዓቱ እንደገና እንዲወጣ አዘዘ። በእኔ አስተያየት ፍርድ ቤቱ ትክክል ነው። ጣቢያውን በሕዝብ ገንዘብ የሚጠቀም ከተማ በጣቢያው አጠገብ ለሌላው ሰው ቦታ የለኝም ሊል አይገባም።

አሁን ለአንባቢ አንድ ቃል። ሦስት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት መጽሐፍ የ97 የማሳቹሴትስ ከተሞችን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መርምረዋል። ስለ አዲስ ቤት በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ የሚናገሩት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ፣ ቤት ያላቸው ነዋሪዎች ናቸው፤ የሚበዙትም ተቃዋሚዎች። ተከራዩ አይገኝም፤ ማታ ሥራ አለው፣ ልጅ የሚይዝለት የለም፣ ወይም ይመለከተኛል ብሎ አያስብም። እናንተ በካምብሪጅ፣ በሶመርቪል፣ በቦስተን፣ በሞልደን የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ይመለከታችኋል። የካምብሪጅ ከተማ አንዳንድ ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ጭምር ያወጣል። ወረቀቱ ሲደርሳችሁ አንብቡት፣ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፣ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ተራችሁ ሲደርስ የምትኖሩበት ቤት እንዴት እንዳኖራችሁ ተናገሩ።